ጭድም ተምሮ መጣ

ሰው ሁሉ ተማረ፤ ደግ አደረገ። ልጆቼ ተማሩ፣ የልጅ ልጆቼ ተማሩ፣ የሰፈራችን በግ ነጋዴ እንኳ በማታው ክፍለ ጊዜ ማኔጅመንት ተምሮ ጨረሰና በጉን በካልኩሌተር መሸጥ ጀመረ። ጭድ ይማራል ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ድሮ ከአውድማ ዳር ታቅፈን የምናመጣው፣ ለአህያውም ለግድግዳውም የምናካፍለው ጭድ ዛሬ ባሕር ተሻግሮ፣ በከረጢት ታሽጎ፣ የአጠቃቀም መመሪያ በጀርባው ተለጥፎበት፣ በኪሎ ዋጋ ወጥቶለት ይመጣል። እኔን ማን ከረጢት ውስጥ ያስገባኝ? ጉልበቴ እያመመኝ፣ በጡረታ ገንዘብ ሽንኩርት ስቆጥር እውላለሁ።

የልጅ ልጄ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ክፉ አልናገርበትም፣ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሲናገር ብቻ ከእጁ ስልክ አይለይም። «አባባ፣ አሁን ኮንክሪት ውስጥ ፋይበር እንጨምራለን፤ ስንጥቅ ይቀንሳል» አለኝ፣ ከሰማይ የወረደ ነገር የሚያበስረኝ መስሎት። ከከረጢቱ ዘግኖ አሳየኝ። ነጭ፣ ቀጭን፣ 12 ሚሊ ሜትር ላይ እኩል የተቆረጠ የፕላስቲክ ክር ነው። ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። የማዳበሪያ ጆንያ የሚሸመንበት ያው ፕላስቲክ! ለአንድ ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት አንድ ኪሎ ገደማ ይበቃዋል አለኝ።

«ይኼ ጭድ ነው» አልሁት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ጭቃ ቤት ስመርግ ያደግሁ ሰው ነኝና ልንገራችሁ። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይኮማተራል። ውሃው እየወጣ በሄደ ቁጥር ግድግዳው ራሱን በራሱ ይጎትታል፤ ጭቃ ደግሞ ቢጫኑት ይችላል እንጂ ቢጎትቱት አይችልም። ኮንክሪትም ያው ነው፤ ኩራቱ ነው የበዛ። ጭድ ስንጥቅን ጨርሶ ያስቀራል የሚል ሰው ግድግዳ መርጎ አያውቅም። ጭዱ የሚሠራው ስንጥቁ ሲጀምር ነው፤ ግራና ቀኙን ጨብጦ አለቅም ይላል። ጣት የሚያስገባው አንዱ ስንጥቅ ቀርቶ ዓይን የማይለያቸው ብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ይሆናሉ፣ ግድግዳውም ቆሞ ይኖራል።

ደግሞ ጭድ ሁሉ ጭድ አይደለም። የስንዴው ወፍራምና ሙልጭልጭ ነው፣ ጭቃው አይዘውም። ደጉ የጤፉ ነው፤ ቀጭን፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ። በሬው አውድማ ላይ ሲያበራየው ልክ ልኩን ቆርጦ ያስረክብሃል። ርዝመቱ ከበዛ እርስ በርሱ ይተበተባል፤ ካጠረ ስንጥቁ ሲከፈት ሾልኮ ይወጣል። ፋብሪካው 12 ሚሊ ሜትር ለማለት ማሽን ገዛ፣ ላቦራቶሪ ከፈተ። የእኛ በሬ በእግሩ ይጨርሰው ነበር፤ ክፍያውም ያው ጭዱ ነበር።

የመቅጠኑንም ነገር ሊቃውንቱ ደርሰውበታል። ግሪፊዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከ100 ዓመት በፊት ብርጭቆ አቅልጦ እየሳበ፣ እያቀጠነ ፈተነው። ክሩ በቀጠነ ቁጥር ለውፍረቱ የሚችለው ጉተታ እየጨመረ ሄደ። ምክንያቱም መስታወት የሚሰበረው ውስጡ ከተደበቀ ጭረት ተነሥቶ ነው፤ ቀጭን ክር ውስጥ ትልቅ ጭረት የሚደበቅበት ቦታ የለም። ይህን ለባለቤቴ ባስረዳት ሆዴን ዓይታ «እንግዲያው አንተ ሰውዬ እንከንህ የበዛው ለዚህ ነዋ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳይንስ ቤት ውስጥ አላወራም።

አሁን ወደ ለቅሶዬ ልግባ፤ ለቅሶዬ ስለ ማቡካት ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ አፈሩ ይደለደላል፣ ጭዱ ይነሰነሳል፣ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ከዚያ ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ይገባበታል። ይረገጣል። ያድራል። ሲነጋ ይገለበጥና ደግሞ ይረገጣል። ቀናት ሲያልፉት ይሸታል፤ ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ያማርራል፣ ባለሙያው ግን ደስ ይለዋል፤ ጭዱ ለስልሶ ጭቃውን ጠጥቷል ማለት ነውና። ደረቅ ሆኖ የቀረ አንድ ዘለላ ካለ ግድግዳው ውስጥ የሚቀመጠው ክፍተት ነው፤ ክፍተት ደግሞ የወደፊት ስንጥቅ ነው። ለዚህ ነው ደቦ ያለ ጠላ የማይጠራው። ጠላው ለጨዋታ አልነበረም፤ ረጋጩ ሳይሰለች እንዲረግጥ ነው። ቤቱ ሲያልቅ ባለቤቱ ይመሰገናል፣ አናጢው ይመሰገናል፤ ረጋጩን ግን እግሩን ታጥቦ ሲሄድ ያየው የለም።

የጭድን ነገር ፈርዖንም አበላሽቶታል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው ለእስራኤላውያን ጭድ ከለከላቸው፤ ጡቡን ግን ከበፊቱ እንዳታጎድሉ አላቸው። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ በጭዱ ላይ እንጂ በማቡካቱ ላይ አዋጅ አለማውጣቱ ነው። የዛሬዎቹ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆኑ፤ ጭዱን በየዓይነቱ ያቀርባሉ፣ ማቡካቱን ይከለክላሉ።

ምስክር አለኝ። አንድ ዘመዴ የመጋዘን ወለል አስሞላ። ዘመናዊ ይሁን ብሎ የብረት ፋይበር ገዛ፤ ጫፉ የተቆለመመ አጭር ሽቦ ነው፣ ሳልደብቅ ልናገር፣ ደስ የሚል ዕቃ ነው። የተቆለመመው ጫፍ ከኮንክሪቱ ሾልኮ እንዳይወጣ ይቆነጥጠዋል። መመሪያው ቀስ እያላችሁ እየነሰነሳችሁ ጨምሩ ይላል። ልጆቹ ምሳ ሰዓት ደርሶባቸው ኖሮ ካርቶኑን ገልብጠው ሚክሰሩ ውስጥ ደፉት። ሽቦው ተያይዞ ተቋጠረ፤ እዚህ ጋ የሽቦ ክምር፣ እዚያ ጋ ባዶ ኮንክሪት። ወለሉ ሲሰነጠቅ ምን ተባለ? «ፋይበሩ አይረባም።» እኔ ከዘራዬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።

የፕላስቲኩን ጭድ አንድ ብልሃት ግን አመሰግናለሁ፤ ሽማግሌ ሲሆን ሰው ፍትሐዊ መሆን አለበት። ጥቅጥቅ ያለ ኮንክሪት እሳት ሲይዘው ውስጡ ያለው ውሃ ተን ይሆንና መውጫ ሲያጣ ፊቱን እየፈነዳ ይረግፋል። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል በባሕር ሥር ያለው የባቡር ዋሻ በ1996 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል የኮንክሪት ሽፋኑ ክፉኛ ረግፏል። ፖሊፕሮፒሊን ግን 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ በኮንክሪቱ ውስጥ ቀጫጭን ቀዳዳ ትቶ ተኑን ያስወጣል። ሞቶ የሚያገለግል ጭድ! የእኛ ጭድ እንኳ ይህን አልቻለም፤ ቤቱን ይዞ ይነድዳል።

ክሮቹ አውሮፕላን ላይም ወጡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ድሪምላይነር የተባለውን አውሮፕላን ሲያስገባ ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። በኋላ የልጅ ልጄ ከአካሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ የካርቦን ክርና ሙጫ ነው ብሎ ሲነግረኝ እጄ ደነዘዘ። የካርቦኑ ክር ከየት መጣ? የሹራብ ክር ከሚሠራበት ከአክሪሊክ ዘር ነው፤ አየር በሌለበት ምድጃ ከ1000 ዲግሪ በላይ ያከስሉታል። ሹራብ አክስለው ክንፍ ሠሩ! በዚያ ክንፍ ላይ ተቀምጬ ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ ሄጃለሁ፤ ክንፉ ወደ ላይ ሲለመጥ በመስኮት እያየሁ ውዳሴ ማርያም ደግሜ ጨረስሁ።

ቢሆንም እነዚያ ሰዎች ማቡካት ገብቷቸዋል። ክሩን ሙጫ ያጠጡታል፣ አንዱን ንጣፍ ወደ ርዝመት፣ አንዱን ወደ ጎን፣ አንዱን ወደ ሰያፍ እያደረጉ ይደራርቡታል፤ ከዚያ ትልቅ የግፊት ምድጃ ውስጥ አስገብተው እየጨመቁ ያበስሉታል፣ አየር የሚባል ነገር እንዳይቀርበት። እግር የላቸውም እንጂ እየረገጡ ነው። ፍሬውንም አይተናል። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ንግሥተ ሳባ የተባለችው ድሪምላይነራችን ለንደን ሂትሮው ቆማ ሳለች የአደጋ ጊዜ ምልክት መስጫ መሣሪያዋ ባትሪ ተቃጥሎ ጣሪያዋን ከኋላ በኩል በላው። ብረት ያልሆነ ነገር በቃው፣ ከእንግዲህ ለማገዶ ነው ብዬ ነበር። የተቃጠለውን ጠግነው በታኅሣሥ 2006 መልሰው አበረሯት።

ሮልስ ሮይስ ግን ቸኩሎ ነበር። ለአዲስ የአውሮፕላን ሞተሩ የፊት ማራገቢያ ምላጭ በካርቦን ክር ሠራ፤ ቀለል ይላል፣ ነዳጅ ይቆጥባል ተባለ። ወፍ ቢገባበትስ ብለው ዶሮ ተኮሱበት፤ ምላጩ ተሰባበረ። ወደ ታይታኒየም ተመለሱ፤ ወጪው በወጪ ላይ ተደራረበና ያ ስመ ጥሩ ኩባንያ በየካቲት 1971 እ.ኤ.አ. ከሰረ። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ እኔ ግን ዶሮዋን አልረሳትም። ወደ ባሕር ታች የወረደው ታይታን የተባለው ጠላቂ ጀልባ ደግሞ አያስቀልድም። በ2023 እ.ኤ.አ. ባሕሩ ከነአምስት ሰዎቹ ጨፍልቆ ሲያስቀረው አካሉ በአብዛኛው የካርቦን ክር ነበር፤ መርማሪዎቹ በንጣፎቹ መካከል ክፍተትና ሽብሽብ አገኙ። ክር ለመጎተት ነው የተፈጠረው፤ የውቅያኖስ ጭነት ግን ከዙሪያው የሚጫን ነው። ያንንም በክፍተት ላይ ጫኑት። ነፍስ ይማር።

ሰሞኑን ደግሞ ነጮቹ ዞረው ዞረው ወደ እኛው ተመለሱ። የተፈጥሮ ክር ይሻላል፣ ይበሰብሳል፣ አካባቢ አይበክልም ይላሉ። መርሴዲስ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኤ ክላሱ የትርፍ ጎማ ማስቀመጫ መሸፈኛ በአባካ ክር አጠናክሮ ሠራ። አባካ ምን መሰላችሁ? በፊሊፒንስ የሚበቅል፣ የእንሰታችን የሥጋ ዘመድ ነው። የጉራጌ እናቶች ቆጮውን ሲፍቁ የሚተርፋቸው ቃጫ ዘመዱ መርሴዲስ ሲነዳ፣ እሱ ገበያ ላይ ገመድ ሆኖ በግ ያስራል። ምሥራቅ ጀርመን የተማረ ጓደኛዬ ትራባንት ሲለኝም እንደዚሁ ነው። እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠራችው ያቺ ትንሽ መኪና አካልዋ ከሶቪየት ኅብረት የመጣ የጥጥ ተረፈ ምርት በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ነበር። ሰው እሷን ለመግዛት ከ10 ዓመት በላይ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በጥጥ ተረፈ ምርት!

«ተፈጥሮ ነውና ደግ ነው» የሚሉኝን ግን አልሰማም። አስቤስቶስም የተፈጥሮ ክር ነው፤ ከድንጋይ ይፈለቀቃል። ሃትሼክ የሚባል ኦስትሪያዊ በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከሲሚንቶ ጋር አጋብቶት ዓለም በሙሉ ጣሪያውን በእሱ ከደነ። ብናኙ ሳንባ ገብቶ ካንሰር እንደሚያመጣ ሲረጋገጥ የአውሮፓ ኅብረት በ2005 እ.ኤ.አ. ጨርሶ ከለከለው። ቃጫም ቢሆን ሲሚንቶ ውስጥ ዝም ብሎ አይከተትም፤ የሲሚንቶው አልካሊ ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። ጅብሰም ውስጥ ግን ይስማማዋል፤ ኮርኒስ የሚቀርጹ ልጆች ያውቁታል። መጀመሪያ ከማን ጋር እንደምታጋባው ማወቅ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ለቃጫ አንድ ቤት መቁጠር አቃተን?

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አባባ፣ ልክ ነህ፤ ግን ለማቡካት ሰው የለም፤ ሁሉም ሞባይል ጥገና ገብቷል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሙጫ የሚቀባው የጋራዥ ልጅ እንኳ የመስታወት ፋይበሩን በሮለር አየሩን ሳያስወጣ ይለጥፍና የመኪናህን መከላከያ ያስረክብሃል፤ በወሩ ይላላጣል። እኔን ደግሞ ብናኙ እንደ ሳማ ሲለበልበኝ ሰነበተ።

እንግዲህ ግንባታ ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ ስሙኝ። በዋጋ ዝርዝራችሁ ላይ ለፋይበሩ አንድ መሥመር ትይዛላችሁ። ከሥሩ ሌላ መሥመር ጨምሩ፤ ለሚያቦካው ሰው። ደመወዙ ከፋይበሩ ዋጋ አይነስ፤ ካርቶኑንም ከምሳ በፊት አታስደፉት። ጠላውን እኔ እችላለሁ።