የአቶ ካርድ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቅሶ ደራሾች፣ ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም የመጣችሁ፣ ከሥራ አስፈቅዳችሁም ሆነ ጠፍታችሁ የተገኛችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ በደስታችሁ ብድራችሁን ለመመለስ ያብቃን። በሩ ላይ የቆማችሁ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ። መኪናውን መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ያቆመ ካለ ቶሎ ያንሣ፤ ቶው እያደረጉ ነው።

ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ካርድ፣ በመዝገብ ስማቸው የቅድመ ክፍያ ዓለም አቀፍ የስልክ ካርድ፣ ከአባታቸው ከአቶ ስልክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ናፍቆት በ1976 ጣሊያን አገር ተወለዱ። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማነበው፤ ሟቹ በእኛ አቆጣጠር ኖረው አያውቁም፣ ለደቂቃ እንኳ የራሳቸው አቆጣጠር ነበራቸው። ጣሊያን ስል ፊታችሁን ያጠቆራችሁ አባቶች አላችሁ፤ የትውልድ አገሩን መርጦ የሚወለድ የለም። የተወለዱበት ምክንያት ግን ይነበብ። በዚያ ሰሞን ጣሊያኖች የሳንቲም እጥረት ነበረባቸው፤ በሕዝብ ስልክ ሣጥን ውስጥ የተጠራቀመችውንም ሌባ እየሰበረ ይወስድባቸው ነበር። አቶ ካርድ ሌባ ለማስቀረት የተወለዱ ሰው ናቸው። ይህን ያዙልኝ።

አሜሪካ ውስጥ ስማቸው የገነነው በ1990ዎቹ ነው፤ ከብዙዎቻችን መምጣት ጋር በአንድ ሰሞን ማለት ነው። የዲቪ ዕጣ በ1995 ሥራ ሲጀምር፣ አዲስ ገቢው ከአውሮፕላን ወርዶ የክረምት ጃኬት ሳይገዛ ከእሳቸው ጋር ይተዋወቅ ነበር። መኖሪያቸው የሐበሻ ሱቅ ነበር፤ ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ተሰቅለው፣ በርበሬና ካሴት ግራና ቀኝ አጅበዋቸው። ጀርባቸው ላይ ያለችውን ግራጫ ሽፋን በሳንቲም ፍቀን ቁጥራቸውን እናወጣለን። ጥፍራችን ሥር የሚቀረው ግራጫ ብናኝ ማን አገር ቤት እንደደወለ ይናገር ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ እርስ በርስ እጃችንን እየተያየን፣ «ደወልክ እንዴ? ሰላም ናቸው?» እንባባል ነበር።

ባለትዳር ነበሩ። ባለቤታቸው ያቺ በቀረጻ የምትናገረው ሴትዮ ናት። ቁጥሩን አስገባ ትላለች፣ እናስገባለን፤ ተሳስተሃል፣ ድገም ትላለች፣ እንደግማለን። ከዚያ በኋላ ነው የቀረውን ደቂቃ የምትነግረን። ስንቱን ሌሊት አብረን ስናመሽ አንድ ቀን እንኳ ለሰላምታችን መልስ ሰጥታን አታውቅም። ዛሬም በመካከላችን የለችም፤ መስመሮቿ በሙሉ ተይዘዋል ተብሏል።

የሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ሟቹ ሌባ ነበሩ። ይህን ከእኔ የምትሰሙት አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚህ አገር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት በ2008 የካርድ አከፋፋዮችን ያስተዋወቁትን ደቂቃ አይሰጡም፣ ክፍያም ይደብቃሉ ብሎ ፍርድ ቤት ገትሯቸዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከፍለው የታረቁም አሉ። አሠራራቸው ረቂቅ ነበር። ስልኩ ገና ሲነሣ የማገናኛ ተብሎ ይቆረጣል። ሳንደውልበት ስናሳድረው የጥገና ተብሎ በየሳምንቱ ይሸራረፋል፤ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ምኑ እንደሚጠገን እስከ ዛሬ አልገባኝም። በነፃው ቁጥር ከደወልን ነፃ ስለሆነ ያስከፍለናል። ሴትዮዋ «ሃያ ሁለት ደቂቃ አለዎት» ብላ በአሥራ አራተኛው ትዘጋዋለች። ሌባ ለማስቀረት ተወልዶ እንዲህ መሆን የአስተዳደግ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም።

ደግሞም ለሁሉ ነገር እሳቸውን ብቻ መውቀስ ደግ አይደለም። ሱቁ ግድግዳ ላይ የአገሮች ዝርዝር ከነደቂቃው ይለጠፍ ነበር። በአምስት ዶላር ለንደን ይህን ያህል፣ ሜክሲኮ ያን ያህል እያልን ጣታችንን ወደ ታች አውርደን ኢትዮጵያ ጋ ስንደርስ ቁጥሩ አንገቱን ይደፋል። አገር ቤት ያለው ቴሌ አንድ ለናቱ ነበር፤ ከውጭ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ደቂቃ የሚጠይቀው ዋጋም የአንድ ለናቱ ዋጋ ነበር። በ2005 መስከረም የስልክ ቁጥሩን ሁሉ ሲለውጠውማ፣ የእናታችንን ቁጥር በቃላችን የያዝን ልጆች በአሮጌው ቁጥር እየደወልን ስንት ሌሊት አባከንን።

ከሌባውም ከቴሌውም በላይ ግን ደቂቃውን የሚበላው ሰላምታችን ነበር። እናታችን ቤት ስልክ የለም እንበል፤ ያለው ጎረቤት ነው። የጎረቤትን ስልክ ደውሎ «እማዬን ጥሩልኝ» ብሎ መቅረት ነውር ነው። «እንደምን ዋሉ? ጤናዎ እንዴት ነው? እግርዎን ተሻለዎት? ልጆቹ? አቶ እገሌስ?» ይቀጥላል፣ እሳቸውም በተራቸው አንድም ሳያስቀሩ ይመልሳሉ። ከዚያ አንድ ልጅ ይሮጣል። ጎረቤትየዋ ስልኩን ከአፋቸው ነጥለው ሲጮሁ፣ ውሻው ሲጮህ፣ እናታችን ነጠላዋን ፈልጋ ስትመጣ፣ ሁሉም በዶላር ይቆጠራል። ደርሳ እስኪረጋጋ ትንፋሿ ይቆጠራል። «ሄሎ» ስትል ያቺ ሴትዮ ጣልቃ ትገባና «አንድ ደቂቃ ቀርቶዎታል» ትላለች። በፋሲካማ አይነሣ፤ ቅዳሜ ማታ በሁለት ሰዓት፣ አዲስ አበባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሲሆን፣ ቅዳሴ መውጫውን ጠብቆ ያልደወለ ሐበሻ አልነበረም፤ መስመር ያገኘ ሰው ዕጣ የወጣለት ያህል ለጓደኞቹ ይተርክ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አድርገውብን ለምን እናለቅሳለን? ልንገራችሁ፤ ሟቹ ባለውለታችን ናቸው። እሳቸው ድምፅ ብቻ ነበር የሚያሻግሩት። «ልጄ፣ ቢሮ ነው የምትሠራው?» ስትል እናት፣ «አዎ እማዬ፣ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው» እንላለን። የፓርኪንጓ ጎጆ ውስጥ ወንበር አለ፤ ታክሲም ቢሆን የሚነዳው ቁጭ ተብሎ ነው። በዚያች ግማሽ እውነት እናት ሰፈር ውስጥ ቀና ብላ ሄደች። ዛሬ በቪዲዮ «ከኋላህ የተሰቀለው ቁልፍ ሁሉ የማን ነው?» ትላለች። «ፀጉርህስ የት ሄደ?» ትላለች፣ እኅቶቻችን እየሰሙ። እኛም በተራችን የምናየው ነገር ደግ ነው አልልም፤ ስልኩን እንደ ጥንቱ ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለችና ሙሉውን ጊዜ የምናየው የእናታችንን ጆሮ ነው፣ አልፎ አልፎም ኮርኒሱን። ኮርኒሱ እንደሚያፈስ በዚህ አወቅን፤ ካወቅን ደግሞ መላክ ነው።

ስለ መላክ ካነሣን፣ «እንግዲህ ይቺን የጣራዋን ነገር...» ሲባል ሟቹ እንዴት ይደርሱልን እንደነበር የማያስታውስ አለ? «ሄሎ? ሄሎ? አይሰማም፣ ካርዱ ሊያልቅ...» አሁን ምን ይባላል? ዋይፋዩ አያልቅ። አማቴ ስልኩን ዳቦ መጋገሪያው ላይ አስደግፈው ሥራቸውን ይሠራሉ፣ እኔም እዚህ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ «አለህ እንዴ?» ይሉኛል።

ልጆቻችንንም አሳድገውልናል። ስልኩ ሲገናኝ ልጆቹን በቁመታቸው አሰልፈን፣ «ሰላም እማማ፣ ደህና ነኝ፣ ትምህርት ጥሩ ነው፣ እወድሻለሁ፣ ቻው» እናስብላቸው ነበር። አያት ማዶ ሆና «ውይ በሞትኩት፣ አማርኛውን እንዴት ያቀላጥፈዋል!» ትላለች። ሁለተኛውን ጥያቄ ሳትጠይቅ «ካርዱ...» ብለን ስልኩን እንቀበላለን። የልጆቻችን አማርኛ ለካርዱ ልክ የተሰፋ ነበርና ማንም አላፈረም። ዛሬ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ «ምን በላህ የኔ ጌታ?» ልጁ አባቱን ያያል። አባት ጣራውን ያያል። እዚያ ማዶ ደግሞ ጆሮ ይታያል።

አሁን እሳቸውን በጣም ወደማመሰግንበት ነገር ልምጣ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህ የአባቶቻችን ሕግ ነው፤ ውቅያኖስ ተሻግሮም አልተሻረም ነበር። አባት አገር ቤት ሲያርፍ ታናሽ እኅት ስልክ ታነሣለች። «አባባስ?» «ጸበል ሄደዋል።» በሌላ ቀን «ተኝተዋል፣ አሁን ነው ጋደም ያሉት።» ይህን ውሸት ለሃያ ደቂቃ መሸከም ለአንዲት ልጅ ከባድ ነው። ሟቹ ናቸው በመሐል ገብተው የሚቆርጡላት፤ መስመሩ ሲዘጋ እንባዋን ለብቻዋ እንድታወርድ። ከዚያ ወንድም እዚህ ላለ ሽማግሌ ይደውላል። ሽማግሌው ጓደኞችን ያሰባስባል፤ የሥራ ፈረቃው ይጣራል፣ አለቃው በእኛ እንግሊዝኛ ይለመናል። ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ሰውየው በፒጃማ በሩን ከፍቶ፣ በዚያ ሰዓት ኮትና ክራባት ያደረጉ ሰባት ሐበሾች ሲያይ ማንም ቃል መናገር አያስፈልገውም፤ መውደቂያው ግን ተዘጋጅቶለታል፣ የሚይዘው ክንድ በሁለት በኩል ቆሟል።

አሁንስ? ዱባይ ያለች የአጎት ልጅ የሟችን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለች፤ ሰውየው ባቡር ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ብረቱን ይዞ፣ በአውራ ጣቱ እያንሸራተተ አባቱ ጋ ይደርሳል። ሽማግሌዎቹ ገና ፓርኪንግ እየፈለጉ ነው። እኅቱም ብትሆን አልቻለችም፤ ጥቁር ለብሳ በቪዲዮ «ደህና ናቸው» ማለት አይቻላትም።

ሕመማቸው የጀመራቸው በ2003 ስካይፕ ሲወለድ ነው፤ አገር ቤት ኢንተርኔቱ ቀጭን ስለነበር ግን አልጋ ላይ አልጣላቸውም። በ2010 መጨረሻ ቫይበር መጣ። በ2012 አገር ቤት የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ ወጥቶ በኢንተርኔት የሚደውል ሊታሰር ነው ተብሎ ሲወራ ቀና ብለው ሾርባ ጠጥተው ነበር፤ መንግሥት ተራ ተጠቃሚውን አይመለከትም ሲል መልሰው ጋደም አሉ። ኢሞ ሲከተል፣ በ2015 ዋትስአፕም የድምፅ ጥሪ ሲጀምር ሐኪሞች ተስፋ ቆረጡ። ከሱቁ ግድግዳ ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ ካርቶን ወረዱ። የሞቱበትን ቀን አላነበብኩላችሁም፣ ያየ የለም፤ አንድ ቀን ሱቅ ገብተን ቦታቸው ላይ የሞባይል መሸፈኛ ተሰቅሎ አየን፣ አልጠየቅንም።

አንዴ ግን ከመቃብር ተነሥተዋል። በ2020 ሰኔ መጨረሻ ከድምፃዊው ሃጫሉ ግድያ በኋላ አገር ቤት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ ቫይበሩም ዋትስአፑም ድዳ ሲሆን፣ ካርድ ያለው ሱቅ እየተደዋወልን ፈለግን። ሴትዮዋ ድምፅዋ አልተለወጠም። በዚያው ዓመት ኅዳር ትግራይ ላይ ጦርነት ሲጀመር ስልኩም አብሮ ተቆረጠ፤ ያኔ አቶ ካርድም ምንም ሊያደርጉ አልቻሉም፤ የመቀሌ ልጆች የእናታቸው ቁጥር ሳይጠራ ወራት አሳለፉ። እዚህ ላይ የምቀልደው ነገር የለኝም።

ከኋላቸው የቀሩትን ላንብብ። በየጊዜው ከዚህ ወደ አገር ቤት ሞባይል የምትሞላው ልጃቸው፤ ሚስኮል አድርገው መልሰን እንድንደውል የሚጠብቁ ቁጥራቸው የበዛ የወንድምና የእኅት ልጆች፤ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ሳይፋቁ የቀሩ ወላጅ አልባ ካርዶች። ሦስቱ እኔ ጋ ናቸው። ቁጥራቸውን መሞከር የሚፈልግ ካለ የጥገናው ሒሳብ ስንት እንደደረሰ እሱ ይክፈል፣ እኔ የለሁበትም።

ነፍስ ይማር ማለቱን ለቄሶቹ እተዋለሁ፤ የሰረቁንን ደቂቃ ግን እኔ በበኩሌ ይቅር ብያለሁ፣ የሚከፋው እጁን ያውጣ። የለም? እንግዲያው ከእድሩ የደረሰኝን ማስታወቂያ ልንገር። አዳራሹን የተከራየነው እስከ አሥር ሰዓት ነው፣ ከእኛ በኋላ ክርስትና አለ፤ ወንበሮቹን አጥፋችሁ ግድግዳው ጋ አስደግፉ። ንፍሮው ከኋላ በኩል ነው። የዚህ ወር መዋጮ ያልከፈላችሁ በዜል መላክ ትችላላችሁ፤ ቁጥሩ በቫይበር ግሩፑ ላይ ተለጥፏል። ያቺ ቀይ ካምሪ የማን ናት?