ተግባር ተኮር ሻይ

ወልድያ ውስጥ የደወላችሁለት መምህር «ሥልጠና ላይ ነኝ» ካላችሁ ስልኩን ቶሎ ዝጉለት። ወይ እየተመዘገበ ነው፣ ወይ ሻይ ላይ ነው፣ ወይ ለአበል እየፈረመ ነው። ሦስቱም የተሰበሰበ ሐሳብ የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው።

እኔም ሠልጥኛለሁ። ከከተማው፣ ከመርሳ፣ ከውርጌሳና ከሐራ የተጠራራን የፊዚክስና የሳይንስ መምህራን ነበርን። ባነሩ ከመድረኩ ይሰፋል፤ «ተግባር ተኮር» የሚለው ቃል ላዩ ላይ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ለተግባሩ የሚሆን ጠረጴዛ ግን የለም፤ የተደረደረው ወንበር ብቻ ነው። አሠልጣኙ ላፕቶፑን ከፍቶ «መምህር ገለጻ ማብዛት የለበትም» የምትለዋን ነጥብ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ገለጸልን። አጠገቤ የተቀመጡ፣ ጠመኔ ሲይዙ የኖሩ አንድ ጋሼ ማስታወሻቸው ላይ «ገለጻ አይበዛም» ብለው ጻፉ፤ ሁለቴ አሰመሩበት፤ ከዚያ አንቀላፉ።

ለነገሩ ተግባርን በወሬ ማለፍ ብዙ ለምደናል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የገባ ጊዜ ሙከራውን ሠርቶ የሚጨርስልን ሰውዬ መስኮቱ ውስጥ ነበር፤ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ማንም ሳይመልስለት «ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል። በ2003 ደግሞ ጃፓኖች ቀደም ብለው ኬንያ ላይ የሞከሩትን የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ማጠናከሪያ ወደ እኛ አመጡት። መንገዱ አራት ቃል ነው፦ አቅድ፣ ሥራ፣ እይ፣ አሻሽል። እኛ እቅዱን በየዓመቱ እያሻሻልን እዚያው እቅዱ ላይ አለን። ተሙማ አለ፤ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መሆኑ ነው። በዓመት 60 ሰዓት ይፈልጋል፤ ማስረጃውም ፖርትፎሊዮ የሚባል ጥራዝ ሆኖ ሱፐርቫይዘር እስኪመጣ ቁምሳጥን ውስጥ ይሞቀዋል። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነው ከተባለ ወዲህ ደግሞ ሥልጠናውም፣ ሻዩም፣ ፊርማውም በረከተ።

ቤተ ሙከራስ? እሱን ንብረት ክፍልን ጠይቁ። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ የሚያደርገው ደፋር ግን አይገኝም። ማይክሮስኮፑን የፈረመበት ሰውዬ ቢሰበር ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ያውቃል፤ ተማሪው ሕዋስ ሳያይ ቢመረቅ ግን ከማንም አይቆረጥም። እናም ዕቃው በካርቶኑ ያረጃል። በ2014 መግቢያ፣ ከተማዋ በጦርነት ተይዛ በነበረችባቸው ወራት፣ ብዙ የትምህርት ተቋም ሲዘረፍ አንዳንዱን ካርቶን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው ዘራፊው ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ የከሰዓቱ ርእስ «በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ» ሆነ። ተገቢ ነው። አንድ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ሦስት ቦታ በምስማር ብትበሱት የታችኛው ቀዳዳ ውሃ ከሁሉም በኃይል ሲወጣ ታያላችሁ፤ የፈሳሽ ግፊት ማለት ይኸው ነው። የእኛ ቡድን ግን ሃይላንዱን ፍሊፕ ቻርት ላይ ሣለው፤ ውሃውም በሰማያዊ ማርከር ፈሰሰ። አዳራሹ ምንጣፍ ስላለው እውነተኛ ውሃ ክልክል ነበር። በዚያው ሰዓት ከመስኮቱ ሥር አንድ የባጃጅ ሹፌር በቀጭን ጎማ ቤንዚን ከጄሪካን ይስባል። ሳበ፣ ተፋ፣ ፈሰሰለት። ቡድን መሪም ጸሐፊም ሳያስፈልገው።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

ፕሮጀክተሩ ሲሞት አሠልጣኙ እንደ ሙት ልጅ ቆመ። ስላይድ ላይ ብቻ ስናየው የዋልነውን ቴርሞሜትር ከሣጥኑ ያወጣው ያኔ፣ ሲቸግረው ነው። ሻይ የምታፈላልን እትዬ ከሰል ላይ ማንቆርቆሪያዋን ጥዳለች፤ ከበብናት። ውሃው ተንተከተከ። ሁላችንም 100ን ጠበቅን። ቀዩ መስመር 93 ላይ ደርሶ ቆመ።

«ገና ነው» አለ አንዱ። እትዬ ከሰሉን አራገበች፤ ውሃው ክዳኑን ያስጨፍር ጀመር፤ መስመሩ ንቅንቅ የለም። «ተበላሽቷል» ተባለ። ሌላ ቴርሞሜትር መጣ፤ እሱም 93 አለ። «ከአንድ ፋብሪካ ስለወጡ ነው» ተባለ። ከመርሳ የመጣ ወጣት መምህር ጉሮሮውን ጠረገና «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ነን። የአየሩ ግፊት ቀለል ስለሚል በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እኛ ጋ መርሳ ብንጥደው 95 አካባቢ ይፈላል» አላቸው። ጋሼ ነቅተው ነበርና «አንተ ልጅ፣ መጽሐፉ 100 ነው የሚለው» አሉት። መጽሐፉ ልክ ነው፤ ግን የሚያወራው ስለ ባሕር ወለል ነው። ሁለት ሺህ ሜትር ቆፍረን ካልወረድን በቀር እዚያ የሚማር የወልድያ ልጅ የለንም።

አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ «በጣም ጥሩ አስተያየት! ፓርኪንግ ሎት ላይ እናቁመው» አለ። ፓርኪንግ ሎት ማለት የማይመቹ ጥያቄዎች የሚጻፉበት የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ነው፤ ማታ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ወጣቱ ቆመ፤ እትዬም በ93ቱ ውሃ ሻይ ቀድታልን ጠጣን። ግሩም ነበር።

ሪፖርቱ ላይ ሙከራው «100 በመቶ በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል» ይላል። ከመቶ ላለመውጣት ያደረግነው ትግል ያስመሰግነናል። ፈረምን፣ አበሉን ቆጠርን፤ በሥልጠናው ሁሉ እጃችን በትጋት የሠራው ያኔ ነው።

ቢሆንም አልዋሽም፣ ያ 93 እንቅልፍ ነሣኝ። በሳምንቱ ማንቆርቆሪያና ከሰል ክፍል ይዤ ገባሁ። ተማሪዎቼ ዙሪያዬን ተረባርበው አዩ፤ በተራ አነበቡ፤ 93 ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እንዲህ ዓይኑ የበራ ክፍል አላስታውስም። ለፖርትፎሊዮዬም ፎቶ አነሣሁ።

የመንፈቁ የጋራ ፈተና ከበላይ ታሽጎ መጣ፤ ከነመልስ ቁልፉ። ተራ ቁጥር 14፦ ውሃ የሚፈላው በስንት ዲግሪ ነው? አንዲት ፊት ወንበር የምትቀመጥ ልጅ «ሐ. 93» ላይ አክብባለች፤ ጎኑ ላይም በትንሹ «እኛ ክፍል» ብላ ጽፋለች። ቁልፉን አየሁት። መ ይላል።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁና ኤክስ አደረግሁባት።