ለጣና ገዳማት የቀረበ የሪስክ ምክር

የተከበራችሁ የክብራንና የዳጋ እስጢፋኖስ አባቶች፣ የዕቃ አጠባበቃችሁ ከዘመኑ ጋር አልሄደምና ቅር ሳትሰኙ ስሙኝ። በግራኝ ዘመን መጽሐፉና ንዋየ ቅድሳቱ በታንኳ እየተጫነ ሲመጣላችሁ ዝም ብላችሁ ተቀበላችሁ። ለመሆኑ የሕግ ክፍል አማክራችኋል? ጠላት ያለው ዕቃ ሁሉ ሪስክ መሆኑን የነገራችሁ አልነበረም?

ከጊትሀብ ተማሩ። የዓለም ፕሮግራመር ኮዱን የሚያኖርበት፣ ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ግምጃ ቤት ነው። በሐምሌ 2012 ኮዱን በፊልም ላይ ቀርጾ በኖርዌይ በረዶ ውስጥ፣ ስቫልባርድ በሚባል ቦታ፣ ሥራ ባቆመ የከሰል ጉድጓድ ለ1000 ዓመት አስቀመጥኩ አለ። ሺህ ዓመት! በጥቅምት 2013 የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኩባንያዎች ማኅበር አንድ ደብዳቤ ላከ፤ ዩቲዩብ-ዲኤል የተባለው የቪዲዮ ማውረጃ ኮድ ተነሣ። ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል፣ ደብዳቤ እያለ?

መሣሪያው እርግጥ አደገኛ ነው። የባሕር ዳር ተማሪ ኔትወርክ በሚሻልበት ሌሊት የሂሳብ ትምህርት አውርዶ ቀን ያለ ኢንተርኔት ያጠናበታል። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆይ፣ አስቀድሞ ያወረደው ጥፋተኛ ትምህርቱን አላቋረጠም። ይህን የመሰለ ወንጀል!

ኮዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ለገንቢዎች መከላከያም 1 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ጩኸት ስለበዛ ነው የሚሉ ሐሜተኞች አሉ። እኔ ግን ማንሣቱ ከማስቀመጡ ይልቅ መወደድ ስለጀመረ ነው እላለሁ፤ ሪስክ እንዲህ ነው የሚሰላው።

የታዛዥነት ቁንጮው ግን ቶርኔዶ ካሽ የተባለው የክሪፕቶ ገንዘብ ማደባለቂያ ኮድ ነው። በነሐሴ 2014 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ማዕቀብ ሲጥልበት ኮዱ ከጊትሀብ ተነሣ፣ የገንቢዎቹም አካውንት ታገደ። በመስከረም ግምጃ ቤቱ፣ ኮድ ማሳተም መቼ ከለከልኩ፣ የሚል ማብራሪያ አወጣ። ሳይከለከሉ መከልከል፣ ሳይታዘዙ መታዘዝ! እንዲህ ያለ ሎሌ ማን ያገኛል?

እናም አባቶቼ፣ ወደ ሥራ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲልን አፅም ማቆየት ይብቃ፤ ነገሥታት ጠላት አያጡም። ደብዳቤ የመጣበትን ብራና በዚያው ቀን ወደ ሐይቁ ወርውሩ። ባለቤቱ መጥቶ ቢያለቅስ ቅጽ ሞልቶ እንደ አሜሪካ ሕግ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ይታገሥ፤ እስከዚያ ዳዊቱን አምባዛው ይደግምለታል።