ከግብር ነጻ ነው አሉን

የመንግሥት ጡረታ የገቢ ግብር አይቆረጥበትም፤ ይህን አንክድም። የሚያንገበግበን እንደ ውለታ ሲቆጠርብን ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሲደውል፣ እዚያ ሌላ ገቢ ያለው ሰው ከሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታው እስከ 85 በመቶ የሚሆነው ግብር ሊታሰብበት እንደሚችል ያማርርና «እናንተስ ታድላችኋል» ይለናል። አዎ፣ መታደል እንዲህ ነው እንጂ!

እስቲ አንድ የጎንደር መምህር እንውሰድ። 34 ዓመት አስተምሮ በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጣ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ነበር እንበል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰብለትና 60 በመቶ ይደርሳል። አበሉ 4,800 ብር ሆነ ማለት ነው። በዛሬው የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ቢቆረጥበት 460 ብር ይሄድበት ነበርና፣ ነጻ መሆኑ ዋጋ የለውም አልልም።

ግን ሥራ ላይ ሳለ ምን ይደረግ ነበር? ከ8,000ው 7 በመቶ፣ ማለትም 560 ብር፣ ለጡረታ ይቆረጥበታል። ግብሩ የሚሰላው ግን ይህ ተነስቶ በቀረው ላይ አይደለም፤ በሙሉው 8,000 ላይ ነው። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ሠንጠረዥ በወር 1,445 ብር። መዋጮው ቀድሞ ቢነሳለት ኖሮ 1,295 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 150 ብር ነው፤ እጁ ላልገባ ገንዘብ በየወሩ የከፈለው ግብር። መንግሥት በአሠሪነቱ የሚጨምረው 11 በመቶ አልተነካም፤ ለእሱ እናመስግን። የራሳችን ድርሻ ግን ገና ሲዋጣ ግብሩን ከፍሎ የገባ ነው። አንዴ የከፈልንበትን ደግመው ስላላስከፈሉን ምስጋና ይጠበቅብናል?

ዕድላችንም እኮ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነውን ደመወዝ ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። እሰየው፣ ለልጆቻችን። እኛ ከ1994 ጀምሮ ከ150 ብር በላይ ያለው፣ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ከ600 በላይ ያለው ሲቆረጥብን ኖረን፣ ማሻሻያው ሲደርስ ከፔሮል ላይ ስማችን ተሰርዟል።

አበሉ ከወጣ በኋላስ? ሳሙና ሲገዛ፣ የስልክ ካርድ ሲሞላ፣ ያረጀ ቆርቆሮ ሲቀየር፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ጡረተኛ ነህ ወይስ ሠራተኛ ብሎ አይጠይቅም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዘይቱም የግፊት መድኃኒቱም ተከትሎት ወጣ። አበሉ ግን በዚያ ፍጥነት አልተከተለም።

ወደ ሰሜን ወጣ ካላችሁ እሮሮው ይብሳል። ከጃናሞራና ከበየዳ ገጠር ቀበሌዎች ባንክ ወዳለበት ከተማ የሚወርድ ሽማግሌ፣ መኪና ከተገኘ፣ መንገዱም ክፍት ከሆነ፣ ደርሶ ይሰለፋል። «ሲስተም የለም አባባ፣ ነገ ይመለሱ» ይባላል። ነገ ለመመለስ ማደር አለ፤ ለማደር አልጋና እራት አለ። ለመኪናና ለአልጋ የወጣው ከአበሉ ላይ ሲነሳ ማንም ግብር አይለውም፤ ደረሰኝም የለውም።

ከተማ ያለነው ደግሞ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ካለች እሷን አከራይተን እንደጉማለን። እዚህ ላይ ነጻነቱ ያበቃል። ጡረታው ከግብር ነጻ ነው ተብሎ የታለፈው ሰው፣ በኪራዩ ግብር ከፋይ ይሆናል። የንብረት ታክስ አዋጅም በ2017 ወጥቷል፤ የጣሪያና ግድግዳ ሲባል የኖረውን ለምደነው ሳንጨርስ።

ለእኛ አልፏል፤ የተቆረጠው አይመለስም። ዛሬ ሥራ ላይ ላሉት ግን ያቺን 7 በመቶ አንስቶ በቀረው ላይ ግብር ማስላት ምን ያህል ከባድ ነው? የፔሮል ኮምፒውተሩ በአንድ መስመር የሚሠራው ነገር ነው። እስከዚያው፣ የገቢዎች ሰው ቢመጣ «ሰርቪሷ ባዶ ናት» ልል አስቤ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ተከራዬ ልብሱን የሚያሰጣው በሩ ላይ ነው።