ሰጋሩ ብረት

የመንዝ ሰው በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን ያያል፣ ሸኮናዋን ያነሳል፣ ጀርባዋ ላይ የኮርቻ ቁስል እንዳለ በመዳፉ ይዳብሳል። በመጨረሻም ይቀመጥባትና የገበያውን ዳር አንድ ሁለት ዙር ያስኬዳታል። ሰጋር ከሆነች የነጂዋን ወገብ ሳትነቀንቅ ትፈስሳለች፤ ካልሆነች ሻጩ በታቦት ቢምልም አይሰማውም። ይህ ሁሉ እንግዲህ ኋላ ቀርነት ነው። የሠለጠነ ሰው የሚቀመጥበትን ነገር ሳይቀመጥበት ነው የሚመርጠው።

ይህን ሥልጡን ሰው ለጊዜው «ተመላሹ» እንበለው። በልጅነቱ ቻይና ሠራሽ ፊኒክስ ብስክሌት በሰዓት እየተከራየ የነዳ፣ ካቴናው የሱሪውን ጫፍ የበላበት፣ ከዚያ ሥራ፣ ትዳር፣ መኪና ሲል ሃያ ዓመት ፔዳል ያልረገጠ ሰው ነው። ሐኪሙ ስለ ደም ግፊቱ ሁለት ቃል ሲናገረው «ወደ ስፖርቱ ልመለስ ነው» ብሎ ቆረጠ። እሰየው። ብቻ የመመለሻው መንገድ በመንዳት ሳይሆን በመምረጥ ጀመረ።

ምርጫው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ፊቱ ብቻ ሞላ ያለው ማውንቴን (የተራራ ብስክሌት) ለተማሪ ነው፤ ለተመላሽ የሚገባው ከፊትም ከኋላም የሚተጣጠፈው ባለ ሁለት ሞላው ነው። ሞላው ስንት ሚሊ ሜትር ይታጠፍ? ለአገር አቋራጭ ውድድር ከ100 እስከ 120፣ ለተራራ ዱካ ከ130 እስከ 150፣ ለቁልቁለት ውድድር 200። ተመላሹ በ140 እና በ150 መካከል ሦስት ወር ተቀመጠ። አሥር ሚሊ ሜትር ከአውራ ጣት ጥፍር ወርድ ያንሳል። በነዚህ ሦስት ወራት እንጦጦ ድረስ እንኳ በተውሶ ብስክሌት ብቅ አላለም፤ ጓደኞቹ «ለመሆኑ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳህ?» ሲሉት ሊገዛው ያሰበው ቴላዮ ካርቦን መሆኑን ይነግራቸዋል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች።

የተራራ ብስክሌት ስፖርትን የፈጠሩት ሰዎች ይህን ጥንቃቄ አያውቁም ነበር። ቦታው ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን የሚባል አውራጃ፣ ጊዜው ጥቅምት 1976 እ.ኤ.አ. ነው። ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ጎረምሶች ከ1930ዎቹና ከ40ዎቹ የተረፉ ወፍራም ጎማ ሽዊን ብስክሌቶች ከአሮጌ ዕቃ መካከል እየለቀሙ፣ በሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ውስጥ 400 ሜትር ያህል የሚወርድ የአቧራ መንገድ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ሞላ የሚባል የለም። ፍሬኑ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ዓይነት ስለነበር ታች ሲደርሱ ግራሶው ጨሶ አልቋል፤ ለሚቀጥለው ዙር እንደ አዲስ ይጠቀጠቅበታል። ውድድሩ «ሪፓክ» የተባለውም ከዚሁ ጥቅጠቃ ነው። ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝና ቻርሊ ኬሊ የዚያ ሰፈር ልጆች ናቸው። ያሳዝናሉ። የሚመርጡት ስላልነበራቸው ነዱ።

በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ የተወዳደረው ገረመው ደንቦባም፣ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ የገባው ጽጋቡ ግርማይም የነዱት ሞላ የሌለው ኮርሳ ነው። ተመላሹ «የአስፋልት ልጆች» ብሎ ያልፋቸዋል።

ዋጋው ሲነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መካከለኛ የሚባለው ባለ ሁለት ሞላ ውጭ አገር ከ3,000 እስከ 5,000 ዶላር ያወጣል፤ የላይኛው 10,000ን ይዘልላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን ቁጥር በብር ማባዛት ደም ግፊት ላለበት አይመከርም። መንዝ ቢሆን ሒሳቡ በበግ ይሠራ ነበር፤ የመንዝ በግ ደግሞ ጸጉሯ የበዛ እንጂ ቁመናዋ ትንሽ ስለሆነች ቁጥሩ ከአንድ መንጋ አልፎ የመንደሩን በረት ሁሉ ያስከፍታል። ዕድሜ ለሚስቱ ወንድም! ብስክሌቱ በካርቶን ታሽጎ፣ በፎጣና በሕፃን ልብስ ተጠቅጥቆ ከዋሽንግተን ቦሌ ገባ። የሞላው ፖምፓ ግን ኪሎ በለጠ ተብሎ እዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። የዘመኑ ሞላ በአብዛኛው እንደ መኪና ሞላ የተጠማዘዘ ብረት ሳይሆን የታመቀ አየር ነው። አየሩ የሚለካው በነጂው ክብደት ነው፤ ነጂው ሲቀመጥ ሞላው ከሙሉ መታጠፊያው ሩብ ወይም ከሩብ ትንሽ በለጥ ያለ ያህል ዝቅ እንዲል ነው የሚሞላው። የሚስቱ ወንድም ሳያሽገው በፊት ደውሎ «ስንት ኪሎ ነህ?» አለው። ተመላሹ 72 አለ። የሠርጉ ዕለት ክብደቱ ነው። ዶናልድ ሌቪን የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር መንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» የተሰኘ መጽሐፍ አውጥቷል፤ ዛሬ ቢኖር ሰሙ ካርቦን፣ ወርቁ ቦርጭ የሆነ አዲስ ቅኔ ባገኘ ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞ መንዝ ውስጥ ወዳለው ወደ ጓሳ ተወሰነ፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ብስክሌቱን ከመኪናው አውርዶ ቢቀመጥበት የኋላው ሞላ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ጎሚስታ ተፈለገ። ልጁ የአይሱዙ ጎማ የሚነፋበትን ቱቦ እየጎተተ መጣ፣ ቫልቩን በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ ገጠመ፤ ፊሽሽ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጭራሽ እየጎደለ ነው።»

ልክ ነበር። የቤት መኪና ጎማ በ35 ፒ.ኤስ.አይ. ይጠግባል፤ የኋላ የአየር ሞላ ግን 150፣ 200፣ ለወፍራም ሰው 250 ድረስ ይጠይቃል። የጎሚስታው ኮምፕረሰር እዚያ ስለማይደርስ ሞላው አየር መቀበሉ ቀርቶ የነበረውን ለቱቦው መለሰ። ልጁ ብስክሌቱን ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «እንዲሁ ይንዱት፣ ወንበሩ ራሱ ሶፋ ነው» አለ። ሒሳብም አልተቀበለ።

ከጣርማበር ወዲያ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያለፈ አገር ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። ስለዚህ ከሞላው ቀጥሎ ነጂውም አየር አጠረው። ዳገት ላይ የኋላ ሞላ ሌላም ጠባይ አለው፤ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ይሰግዳል፤ ጉልበቱን ጎማው ሳያገኘው ሞላው ይበላዋል። ለዚህም መፍትሔ ተበጅቶለታል፤ መሪው ላይ ወይም ሞላው ላይ ያለች ትንሽ ቁልፍ ሞላውን ትዘጋዋለች። ሰውየው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ሞላ ይገዛል፣ ዳገት ሲመጣ ሞላ የሌለው ለማድረግ ይዘጋዋል። መንዝ ደግሞ ዳገት ነው።

ጓሳ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ አይደለም የሚበቅለው፤ ጉብ ጉብ ብሎ፣ እንደ ተደረደረ ደበሎ ነው። በጉብታዎቹ መካከል መሬቱን አይጥና ፍልፈል ቦርቡረውታል፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እነርሱን እያደነ ስለሆነ ጉድጓዱ ሁሉ የቀበሮ ጓዳ ነው ማለት ይቻላል። የፊት ጎማ እዚያ ጓዳ ሲገባ 140 ሚሊ ሜትሩ ምንም አልፈየደም። ተመላሹ በመሪው ላይ ተሻግሮ ሣሩ ላይ አረፈ። የጓሳ ሣር ለስላሳ ነው፤ ከዕቅዱ ሁሉ በትክክል የሠራለት እርሱ ብቻ ነው። ጥቂት ጭላዳዎች ከግጦሻቸው ቀና ብለው አዩት፤ የሚያስሮጥ ነገር አላገኙበትምና ወደ ሣራቸው ተመለሱ።

የዚህ ሣር ታሪክ ለተመላሹ የተጻፈ ይመስላል። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የመንዝ ሰው አባ ቄራ ሾሞ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈልገውን ሣር አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ሳይነካ ያቆየው ነበር፤ ሥርዓቱ የተዳከመው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ ነው። ተመላሹ ከዚያ ጉዞ በኋላ ብስክሌቱን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ራሱን አባ ቄራ አድርጎ ሾመ። አንዳንድ አምራቾች የፊት ሞላው በየ50 ሰዓት ንጂያ ተከፍቶ ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። በዚህ አያያዝ 50 ሰዓቱ የሚሞላው አሁን አፀደ ሕፃናት ያለው ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስለሆነ ወጪው አያሳስብም።

ከሌሎቹ የሸዋ አገሮች ግሼ ራቤልን በካርታ ብቻ ነው ያያት። መርሐቤቴን ግን በዓመቱ ደፈራት። ለእውነቱ ከሆነ ባለ ሁለት ሞላ የሚገባው አገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ ሰው የጀማን ወንዝ ለመሻገር አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በድንጋያማው የእግር መንገድ የሚንደረደር ሰው የኋላ ሞላውን ይመርቀዋል። ተመላሹም ፖምፓው በመጨረሻ ደርሶለት ነበርና እየጮኸ ወረደ፤ የፍሬኑ ዲስክ ምራቅ ቢተፉበት ጭስስ ይል ነበር። ብቻ ሸዋ ውስጥ ቁልቁለት ለብቻው አይሸጥም። ከጀማ ማዶ ያለውን ዳገት አሥራ አምስት ኪሎውን ብረት እየገፋ ሲወጣ፣ በቅሎ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከኋላው ደረሱበት።

«እንዴት ዋልክ ልጄ። ታሞብህ ነው?»

«አይ አባባ፣ ደህና ነው። ዳገት ስለሆነ ነው።»

ሽማግሌው የኋላውን ሞላ፣ ከዚያ ሰውየውን፣ ከዚያ እንደገና ሞላውን አዩ። «ለመሆኑ ይሄ የሚተጣጠፈው ምኑ ነው?»

«እንዳይነቀንቀኝ ነው።»

«እንግዲያ ይኸው፣ አልነቀነቀህም» ብለው በቅሎዋን ነካ አደረጓት። እርሷም እንደ ልማዷ እየሰገረች አለፈችው።

ማታ ዓለም ከተማ ገብቶ እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ዋሽንግተን ደወለ። የሚስቱ ወንድም ብስክሌቱ እንዴት እንደነበር ጠየቀው። ተመላሹ ትንሽ አሰበ።

«150ውን መግዛት ነበረብን» አለ።