ሁለት ሩጫ፣ አንድ ብስክሌትና የዳጉ ሥርዓት

ዱአትሎን ተወዳዳሪው በመጀመሪያ በእግሩ ሮጦ፣ ቀጥሎ ብስክሌት ነድቶ፣ በመጨረሻም ብስክሌቱን አቁሞ እንደገና የሚሮጥበት የስፖርት ዓይነት ሲሆን፣ ከትራያትሎን የሚለየው ዋና የሌለው በመሆኑ ነው። ይህ ልዩነት በሌላው ዓለም መዋኘት ለማይችሉ ሰዎች እንደተደረገ ቸርነት ቢቆጠርም፣ በአፋር ክልል በታችኛው አዋሽ ግን ጉዳዩ ከችሎታ ጋር የሚያያዝ አይደለም፤ ወንዙ አዞ ያለበት በመሆኑ ዋና ቢጨመር ብዙዎች የግል ሰዓታቸውን ማሻሻላቸው ባይቀርም፣ የተመዘገበውና የጨረሰው ሰው ቁጥር እኩል መሆኑን ማረጋገጥ አዘጋጆቹን ያስጨንቃቸዋል።

የስፖርቱ የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና በ1990 እ.ኤ.አ. የተካሄደው በካሊፎርኒያዋ የበረሃ ከተማ በፓልም ስፕሪንግስ ስለሆነ፣ ዱአትሎን ከሙቀት ጋር የተዋወቀው ገና በልጅነቱ ነው ማለት ይቻላል። በስዊዘርላንድ ከተማ በዞፊንገን የሚካሄደው ታዋቂው ፓወርማን 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ 150 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና እንደገና 30 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ ለጀማሪ የሚመከረው 5 ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ 20 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ በ2.5 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚደመደመው አጭሩ ዓይነት ነው። «አጭሩ» የሚለው ቃል በአፋምቦ ፀሐይ ሥር ሲነበብ የሚሰጠው ስሜት ግን ለብቻው ጥናት የሚያስፈልገው ነው።

አፋምቦ ከአሳይታ አልፎ፣ ከጊንጪ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘው አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በሐይቆች ውስጥ ጉዞውን በሚጨርስበት ቆላ ይገኛል። የኢትዮጵያ ሯጮች የሚታነጹት እንደ በቆጂ ባሉ፣ ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጉ፣ ኦክስጅን በሚያንስባቸው ደጋዎች ስለሆነ፣ ከደጋ የወረደ ጀማሪ በዚህ ዝቅተኛ ስፍራ ትንፋሽ እንደልቡ እንደሚያገኝ አስልቶ ይመጣል፤ ስሌቱም ትክክል ነው፣ የጎደለው የሙቀቱ ሒሳብ ብቻ ነው። የሰው ቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ አየሩ 40 ሲያልፍ ነፋሱ ሰውነትን ማቀዝቀዙን ትቶ ማሞቅ ይጀምራልና የሚቀረው መውጫ ላብ ብቻ ነው። ላቡ ደግሞ ጨው ይዞ ስለሚወጣ፣ ያለ ጨው ውኃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አቅጥኖ ራስን እስከ ማሳት ይደርሳል፤ የአገሪቱ ዋነኛ የጨው ምንጭ አፍዴራ በዚያው ክልል እያለ በጨው እጥረት መውደቅ ለማንም አስረድቶ ማሳመን የሚቻል ነገር አይደለም። በዚህም ምክንያት አስተዋይ ጀማሪ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል፤ ሲወጣም ግመል ነጂዎቹ ከእርሱ ቀድመው መንገድ መግባታቸውን ያያል፣ ያለ ሰዓትና ያለ አሠልጣኝ።

ኢትዮጵያዊ ጀማሪ በመጀመሪያው ሩጫ ላይ የሚፈጽመው ስሕተት ከዜግነቱ የሚመነጭ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ካሸነፈ ወዲህ፣ ቢሮ ውሎ ቢሮ የሚያመሽ ሰው ሁሉ ሩጫ በደም የሚወረስ ንብረት መስሎት የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር የወራሽነት መብቱን እንደሚያስከብር ሆኖ ይበራል፤ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን ውርሱ በሌሎች ስም መመዝገቡን ይረዳል። በብስክሌት ረገድ ይህ አደጋ አነስተኛ ነው፤ ምንም እንኳ አገሪቱ በ1956 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልበርን ኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞች ብታሰልፍም፣ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ይህን ክብር ገና በደሙ ውስጥ ስላልፈለገው ብስክሌት ላይ የሚወጣው በትሕትና ነው።

ከሩጫ ወደ ብስክሌት የሚታለፍበት የመቀያየሪያ ስፍራ ሰዓቱ ሳይቆም የሚሠራበት ቦታ ስለሆነ፣ ሕጉ ከሁሉ የሚጠብቀው እዚያ ነው። ተወዳዳሪው ብስክሌቱን ከመስቀያው ከማውረዱ በፊት የራስ ቁሩን አጥልቆ ማሰር፣ በስፍራው ውስጥ ብስክሌቱን እየገፋ መሮጥና ከተሠመረው መስመር ካለፈ በኋላ ብቻ መውጣት አለበት። የአለባበስ ጉዳይም አለ፤ የአፋር ወንዶች ሽርጥ ለዚያ ሙቀት ከማንኛውም የስፖርት ፋብሪካ ምርት የተሻለ ነፋሻ ልብስ መሆኑ አያከራክርም፣ ካቴናው ግን ሽርጥ ካገኘ አይለቅም።

አስፋልት ፍለጋ ወደ ሰመራና ሎግያ የወጣ ልምምደኛ የሚገባው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው ክፍል ከጅቡቲ በሚመላለስበት ጎዳና ላይ ነው። ለጀማሪዎች በሚዘጋጁ በብዙዎቹ ውድድሮች ከፊት ካለው ብስክሌተኛ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ ግዴታ ሲሆን፣ ምክንያቱም ከኋላ የተጠጋ ሰው የፊተኛው በሰነጠቀው አየር ውስጥ ባነሰ ድካም ስለሚጓዝ ነው፤ ከሲኖትራክ ኋላ የመጠጋት ፈተና ግን ከደንብ ይልቅ በፍርሃት የሚታገድ ነው። ሌላው ጠላት ፕሮሶፒስ ነው። ይህ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባና ኋላ የግጦሹን መሬት የወረረ ባዕድ ዛፍ እሾሁ ጠንካራ ሲሆን፣ የብስክሌት ካላማዳሪያን ለመብሳት የአንዲት ቅርንጫፍ ውድቀት ይበቃዋል። በአገሩ ልማድ ጎማ የፈነዳበት ሰው ጎሚስታ ይፈልጋል፤ በዱአትሎን ሕግ ግን ከውጭ ሰው እርዳታ መቀበል ስለሚያስቀጣ፣ ተወዳዳሪው ጎሚስታው በዓይኑ እያየው፣ አልፎ አልፎም እየሳቀ፣ ራሱ ይለጥፋል። በመንገድ ዳር ያለ እንግዳ ተቀባይ የግመል ወተት ቢዘረጋለትም ደንቡ ያው ነው፤ እዚህ ላይ ደንቡን ያወጡት ሰዎች የአፋርን ቤት በር ረግጠው እንደማያውቁ ግልጽ ይሆናል።

ሁለተኛው ሩጫ የስፖርቱ እውነተኛ ቀልድ ነው። ብስክሌተኛው ክብደቱን ለኮርቻው ሰጥቶ፣ ወገቡን አጥፎ፣ ጭኑን በክብ ሲያሽከረክር የቆየ ስለሆነ፣ ሲወርድ ጡንቻዎቹ የለመዱትን እንቅስቃሴ ወዲያው አይተዉም፤ አእምሮው «ሩጥ» ሲል እግሩ ገና ፔዳል ይፈልጋል። ስለዚህም አሠልጣኞች ብስክሌት ነድተው ሳያርፉ መሮጥን ደጋግሞ የሚያለማምድ፣ «ብሪክ» የሚባል ልምምድ ያዝዛሉ። ከዳር ለሚያይ ሰው ጀማሪው በዚያች ቅጽበት የሚሮጥ ሳይሆን ከማይታይ ወንበር ለመነሣት የሚታገል ይመስላል።

ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው መኖሩ ደግሞ በአፋር ምድር ተራ ነገር አይደለም። ዳጉ የሚባለው የአፋር የዜና መለዋወጫ ሥርዓት፣ መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ቆም ብለው፣ ብዙ ጊዜም ተቀምጠው፣ ስላዩትና ስለሰሙት፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ሰላሙና ስለ ገበያው በዝርዝር እንዲነጋገሩ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ዜናውን መደበቅም ሆነ ማዛባት በባህሉ ያስወቅሳል። ሰላምታ ሳይመልስ የሚሮጥ ሰው ጨዋነቱ አጠያያቂ ነው፤ ሰላምታ ለመመለስ የቆመ ዱአትሌት ደግሞ በውድድሩ ተሸንፏል። ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጥ፣ አንድ ሰው ሮጦ፣ ከዚያ ብስክሌት ነድቶ፣ ከዚያ ደህና ብስክሌቱን ጥሎ እንደገና መሮጡን የሚገልጸው ወሬ ከእርሱ ቀድሞ አሳይታ መግባቱ አይቀርም። የመጨረሻውን መስመር አልፎ እየተንገዳገደ ለቆመው ጀማሪ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄም ስለ ሰዓቱ ወይም ስለ ደረጃው ሳይሆን ብስክሌቱ ምን እንደ ሆነ ነው፤ ምንም እንዳልሆነ ቢመልስ፣ ጠያቂው መልሱን ሳያዛባ ለሚቀጥለው መንገደኛ ማድረስ ስላለበት፣ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው እንዲያስረዳው ይጋብዘዋል።