ከማን ጋር ልከራከር?

ሻጭ የሌለበት ግዢ ግዢ አይባልም። በሰሜን ጃፓን፣ ሆካይዶ ደሴት፣ ዩባሪ በምትባል የገበሬ ከተማ ማሳ ዳር አንድ የእንጨት መደርደሪያ ቆሟል። ቲማቲሙ በላስቲክ ተቋጥሯል፣ 100 የን ተብሎ ተጽፎበታል፣ ጎኑ የሳንቲም ቆርቆሮ አለ። ሰው የለም።

ሌላው መንገደኛ የገበሬውን እምነት እያደነቀ ፎቶ ያነሳል። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። «መጨረሻው ስንት ነው?» የምለው ማንን ነው? «አያዋጣኝም» ብላ በልጇ የምትምልልኝስ የታለች? ገበያ የወጣ ሰው ዋጋ ሲሰማ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ግማሹን ይጠራል፤ እምቢ ሲባል ጥሎ ይሄዳል፤ ያኔ «ና በል፣ ውሰደው!» ይባላል። እኔም ወጉ አይቅር ብዬ ጥዬ ሄድኩ። ቁራ ጮኸ እንጂ የጠራኝ የለም። ምርቃቱስ? አንዲት ፍሬ ራሴ ብጨምር ሌባ ነኝ፤ ሻጯ ብትጨምርልኝ ደንበኛ ነበርኩ።

ጃፓኖች ዋጋ አይከራከሩም እንዳልል ይከራከራሉ፤ ወደ ላይ ነው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2019 ግንቦት ላይ በሳፖሮ ከተማ በተደረገው የዓመቱ የመጀመሪያ የሜሎን ጨረታ ሁለት የዩባሪ ሜሎን 5 ሚሊዮን የን አወጣ። ገዢው ራሱ እየጨመረ! እኛ ዘንድ ቢሆን ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ግን የዩባሪ ባቡር ተሳፋሪ የለውም ተብሎ ተዘግቷል። ዩባሪ በድንጋይ ከሰሉ ዘመን ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት ነበር፤ ዛሬ 7 ሺህ አይሞላም። ከሰሉ ሲቀር በብድር የመዝናኛ ፓርክ ስትገነባ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2007 ከሰረች። ቤተ መጻሕፍቷ ተዘጋ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ተጨፍልቀው አንድ ቀረ። ያን ጊዜ «ኧረ ትንሽ ቀንሱ» ያለ ማን ነበር? ለፓርኩ ብድር ያልፈረመ ሕፃን ዕዳውን በትምህርት ቤቱ ሲከፍል ዋጋው ቁርጥ ነው፤ ለሁለት ፍሬ ሜሎን ሲሆን ጭብጨባ!

እሺ፣ ገበሬው ምን አደረገ? ሜሎኑ ባይኖር ከተማዋን ማን ያስታውሳት ነበር? ዩባሪን ለማስተዋወቅ የሚዞረው ምልክት ደግሞ ጭንቅላቱ ሜሎን የሆነ፣ ጥርሱን ያገጠጠ ድብ ነው። ሕፃናት ሲያዩት ያለቅሳሉ፤ ሻጮቹ ግን አሻንጉሊቱን ይሸጣሉ። ለእህቴ ልጅ አንድ ልይዝላት አሰብኩ፤ ግን እሷ የጅብ ስም ሲነሳ እንኳ አያቷ ጋቢ ውስጥ ነው የምትገባው። ካልሲ ይሻላል መሰለኝ።